የተተረተረው ሹራብ

ለማስተማር ተመድቤ ሰቆጣ በመጣሁበት ዓመት የስልክ መስመር ይመጣል ይጠፋል። እናቴ ደብረ ታቦር ብቻዋን ነው የምትኖረው፤ የስኳር ሕመም አለባት። መስመሩ በጠፋ ቁጥር ወድቃ የሚያነሣት ያጣች ይመስለኛል። ከትምህርት ቤት ተመልሼ አልጋዬ ላይ ስቀመጥ እጆቼ ማረፊያ ያጣሉ። ስለዚህ ገበያ እየወረድኩ ከሰልባጅ ሻጮች አሮጌ ሹራብ መግዛትና መተርተር ጀመርኩ። ክሩን በፈላ ውሃ እንፋሎት አቃንቼ እጠቀልለዋለሁ፤ ከዚያ በኪሮሽ ትንንሽ አራት ማዕዘን እየሠራሁ አንዱን ከአንዱ አያይዛለሁ። ቀለሙ አይገጥምም። ቡናማው ሲያልቅ ሰማያዊ ይገባል፣ ሰማያዊው ሲያንስ የልጅ ኮፍያ የነበረ ቢጫ። ብርድ ልብስ ይወጣዋል ብዬ ነበር፤ ዋናው ግን ዓይኔን ከስልኩ ላይ ማንሣቱ ነው።

ያከራዩኝ ሴትዮ በዕድሜ የገፉ፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ጋዝጊብላ ወረዳ ሌላ ገበሬ በእኩል የሚያርሰው መሬት ያላቸው ናቸው። እማማ ነው የምላቸው። ከጎረቤት ጋር በአገሩ ቋንቋ በኽምጣንጋ፣ ከእኔ ጋር በአማርኛ ያወራሉ። የመጨረሻ ልጃቸው እኔ ከመምጣቴ በፊት ከጓደኞቿ ጋር ወደ ዐረብ አገር ወጥታለች። ከባሕሩ ዳር ሆና ደውላ ነገ እንሻገራለን ብላቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ ድምፅዋ አልተሰማም፤ ተሻግራ ይሁን እዚያው ቀርታ የሚያውቅ የለም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በረንዳው ላይ ስተረትር መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። ደህናውን ልብስ ለምን እንደማፈርስ ጠየቁኝ፤ ስነግራቸው ሣቁብኝ። ከዚያ ተነሥተው ገቡና የልጅቷን የትምህርት ቤት ሹራብ ይዘው ወጡ። ጥቁር አረንጓዴ ነው፤ ክርኑን ብል በልቶታል። ብል ሳይጨርሰው ይህንንም ጨምሪበት አሉኝ። እስክትመለስ ቢቀመጥ አይሻልም ወይ አልኳቸው። ስትመለስ የተማሪ ሹራብ አትለብስም፣ ብርድ ልብሱ ግን ይሆናታል አሉ።

እኔ ስተረትር እሳቸው ክሩን በሁለት እጃቸው ላይ ያጠነጥኑልኛል። መጀመሪያ ላይ ስለ ልጅቷ እያወሩኝ ነበር፤ ሒሳብ ትወድ እንደነበር፣ ፈተና ሲደርስ እጅጌዋን የመንከስ አመል እንደነበራት። እጅጌው አልቆ ደረቱ መፈታት ሲጀምር ወሬውን ትተው የሚፈታውን ክር ብቻ ያዩ ጀመር።

በማግስቱ ፊታቸው ሌላ ነበር። ጎረቤታቸው ሰምታ፣ መንገድ ላይ ያለ ሰው ልብስ እንዴት ይፈታል፣ ክፉ ምልክት ነው ብላቸዋለች።

"መልሰሽ ልትሠሪው ትችያለሽ?" አሉኝ።

"እንደ ነበረ አልችልም፣ እማማ። ያ በማሽን የተሠራ ነው።"

ራሳቸውን ነቅንቀው ወደ ጓዳቸው ገቡ።

እኔ በእንዲህ ያለ ነገር አላምንም። ቢሆንም ፈራሁ። አረንጓዴውን ክር በፌስታል አድርጌ መደርደሪያ ላይ ሰቀልኩት። በዚያው ሳምንት መስመር ተገኝቶ እናቴን አገኘኋት፤ ደህና ናት። የእሷ ጭንቀት ለቀቀኝ ስል አይቻት የማላውቃት ልጅ ጭንቀት ተተካብኝ። ክፍል ውስጥ ያንኑ አረንጓዴ ሹራብ የለበሱ ሴት ልጆች ፊት ለፊቴ ተደርድረው ይቀመጣሉ፤ አንዷ እጅጌዋን ወደ አፏ ስትወስድ ካየሁ ዞሬ ሰሌዳውን ማጥፋት እጀምራለሁ።

ሱፍ መንካት ስላስጠላኝ ስልኬ ላይ ያየሁትን የመስቀልኛ ጥልፍ ልሞክር አልኩ። ክሩ የሚቆጠር ሻካራ ጨርቅ ከልብስ ሰፊ ለምኜ ትንሽ ዛፍ ጀመርኩ። እያንዳንዷ ስፌት መስቀል ናት፤ አንዷ ቦታዋን ከሳተች የቀሩት ሁሉ ይከተሏታል። የእኔም ቆጠራ የውጭ በር በተንኳኳ ቁጥር ይጠፋብኛል። ዛፉ ወደ ጎን ተጋደመ። ፈትቼ ወፍ ሞከርኩ፤ ወፏም ያለ እግር ቀረች። እማማ በየቀኑ ስልካቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው አጠገቤ ይቀመጣሉ። ፌስታሉ እንደተሰቀለ ነው።

በዚያ ሰሞን መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ወደ ዐረብ አገር የሚሻገሩ ስደተኞች የጫነ ጀልባ መስጠሙን ሰማሁ። የሞቱት እነማን እንደሆኑ የሚያውቅ አልነበረም። ልንገራቸው፣ አልንገራቸው እያልኩ ቤት ደረስኩ። እማማ ሰምተው ኖሯል። ግቢው ውስጥ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው የነጠላቸውን ጫፍ በጥርሳቸው ነክሰዋል። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። እሳቸው ግን ተነሥተው ክፍሌ ገቡ፤ ፌስታሉን አውርደው አመጡና ጭኔ ላይ አኖሩት።

"ሥሪው" አሉኝ።

"ይቅር፣ እማማ።"

"ሥሪው፣ ልጄ። እጅሽ ሲቆም ይብስብኛል።"

ሠራሁት። አንዱ ቋጠሮ ይጠብቃል፣ አንዱ ይላላል። አረንጓዴው ብርድ ልብሱ መሐል ገባ። እማማ የተጠቀለለውን ክር ይዘው ቀስ እያሉ ይለቁልኛል። ሌላም ቀን እንዲሁ፣ ሌላም ቀን። ጎረቤታቸው መጥታ አየችን። በኋላ ትራፊ ቀይ ክር ከቤቷ ይዛ መጣችና እሷም አብራን ትቀመጥ ጀመር።

የእማማ ስልክ ሲጠራ እሳቸው በርሜሉ ጋ ውሃ ይቀዱ ነበር። የውጭ አገር ቁጥር ነው። እየጠራኋቸው፣ እስኪመጡ እንዳይዘጋ ብዬ አነሣሁት። የሴት ልጅ ድምፅ በኽምጣንጋ እናቷን ጠራ፤ ያችን ቃል አውቃታለሁ።

"አሉ፣ እየመጡ ነው፣ አትዝጊው" አልኳት።

እማማ በእርጥብ እጃቸው ስልኩን ተቀበሉኝ። አላለቀሱም፤ እንዲያውም የሚቆጡ ይመስላሉ። ሲጨርሱ ነገሩኝ። ልጅቷ ከተሻገረች በኋላ ታማ ብዙ ተኝታለች፤ ስልኳን ቀምተዋታል፤ አሁን ሰው ቤት ተቀጥራለች፤ የደወለችውም በሌላ ሴት ስልክ ነው። ድምፅዋ ከስቷል አሉና ወደ ውሃቸው ተመለሱ። እኔ ክፍሌ ገብቼ በሩን ዘግቼ አለቀስኩ።

ብርድ ልብሱ አልቆ የልጅቷ አልጋ ላይ ተነጥፏል። እሷ ግን የምትደውልበት የታወቀ ቀን የላትም፤ አንዳንዴ ወር ያልፋል። ያኔ እማማ ምግብ አይወርድላቸውም፤ እኔም ግቢው ውስጥ ስልክ በጠራ ቁጥር ብድግ እላለሁ። ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ስልኩን ለእኔ ትተው ነው። ባለፈው እሑድ እንዲሁ ሰጥተውኝ ከወጡ በኋላ ከበር ተመለሱ።

"ብትደውል ምን ትያታለሽ?"

"ቤተ ክርስቲያን ሄደዋል፣ ደህና ናቸው እላታለሁ።"

"እግሬን እንደሚያመኝ እንዳትነግሪያት" አሉና ወጡ።