ሂባ የምትተኛበት ግራጫ ክፍል

ይህን እንኳን ለሰው ለሚስቴም ትንፍሽ ብዬ አላውቅም። ፈሪ ነኝ፤ ያደረግኩትም የፈሪ ሥራ ነው።

እዚህ ባሕር ማዶ፣ ፍራንክሊንተን የሚባል ሰፈር ውስጥ አሮጌ ቤት ነበረኝ። ልሸጠው ስል የኋለኛው መኝታ ቤት ግድግዳ ሻግቶ አገኘሁት። ከጣሪያ የሚወርድ ውሃ ውስጥ ውስጡን በልቶት ጥቁር ነጠብጣብ ወርሶታል። ተገንጥሎ መጣል ነበረበት። ሥራዬ ቀለም ቅብ ነው፤ ይህን ከማንም በላይ አውቃለሁ። እኔ ግን ቀባሁት። ነጭ ብቀባው ጥቁሩ ተመልሶ ብቅ አለ። ግራጫ ገዛሁ፤ ያልፈካ፣ ያልጠቆረ፣ መሃል ሰፋሪ ግራጫ። ሦስት ጊዜ ደራርቤ ቀባሁበት። አቤት ማማሩ!

ዘሀራ ልትገዛው መጣች። እንደኔው የወሎ ልጅ ናት፤ መጋዘን እየሠራች ብቻዋን ልጅ የምታሳድግ። «ኢንስፔክሽን አስደርጊ» ልላት ሲገባኝ ዝም አልኩ። ጭራሽ እሷው ቀድማ፣ «በአንተ ቤት ላይ ደግሞ ኢንስፔክሽን? ይሉኝታም የለኝ እንዴ?» አለችኝ። ያገሯን ልጅ ቤት በባዳ ማስመርመር ነውር መሰላት። ያን ሰዓት አፌን ምን ለጎመው? የስድስት ዓመቷ ልጇ ሂባ ግራጫውን ክፍል አይታ «ዲስ ዋን ኢዝ ማይን!» ብላ የራሷ አድርጋው ስትዘል ሳቅሁ። ሳቅሁ እኮ!

ቤቱን ገዝተው ገቡ። ብርዱ ሲገባ ሂባ ማሳል ጀመረች። ከዚያ በአፍ የምትስበው ኢንሄለር፣ ከዚያ አምቡላንስ። ዘሀራ ኮል ባደረገችኝ ቁጥር «ሞተችብኝ» የምትለኝ ይመስለኛል። «ሆስፒታል አደርን፣ ዱዓ አድርግላት ወንድሜ» ትለኛለች። አደርጋለሁ። ልጅቷን እየመረዝኩ ዱዓ አደርጋለሁ! ከዚህ የከፋ ምን አለ? ልጅ መቼም ያስላል፣ ብርዱ ነው፣ እያልኩ ራሴን ስሸነግል ከረምኩ። ወላሂ ውሸቴን ነው።

ማክሰኞ ደወለች። «ያ ግራጫህ ጥቁር ጥቁር ነገር እያወጣ ነው፤ ምን ነክቶት ይሆን? አንተ እጅህ ይባረክ፣ መጥተህ በዚያው ቀለም ድገምልኝ። ሂባ ሌላ ከለር አልፈልግም ብላለች።»

እሺ አልኳት። አያችሁልኝ? አሁንም እሺ አልኩ።

ዛሬ ቅዳሜ ነው። በራቸው ላይ መኪናዬን አቁሜ ይህን ስልኬ ላይ እጽፋለሁ። ልነግራት ነው የመጣሁት። ታዲያ ቀለሙን ለምን ጫንኩት? እውነት ሊናገር የመጣ ሰው ብሩሽ ምን ያደርግለታል? እናንተን አውፍ በሉኝ አልልም፤ የበደልኩት እነሱን ነው። ሂባ በመስኮት አይታኛለች፤ እያሳለች በሩን እየከፈተችልኝ ነው።