ሦስት ጊዜ የቀረች

ዩኒቨርሲቲ የገባሁት ዘንድሮ ነው። ስለ ድምፅ አሰጣጥ እንደተማርኩ ስለተሰማ፣ የእናቴ እድር ድምፅ ቆጣሪ አደረገኝ። እድሩን ያቋቋሙት በዐረብ አገር፣ እዚህ አማን ከተማ ውስጥ በሰው ቤት የሚሠሩ የአገሬ ሴቶች ናቸው። አንዷ ብትሞት አስከሬኗን አገሯ የሚያደርስላት እሱ ነው። እኛ እዚህ አገር አንመርጥም፤ አገር ቤት ምርጫ ሲኖርም ሩቅ ነን። ስለዚህ ሥራውን እንደ ትልቅ አደራ ተቀበልኩት።

ጁምዓ ከሰዓት፣ ጀበል አል-ወይብደህ ሰፈር በተከራየነው ቤት ሃያ አንድ አባላት ተገኙ። ሦስት ስብሰባ በተከታታይ የቀረች አባል እንድትሰረዝ ሐሳብ ቀረበ። አገር ቤት የለመዱት ደንብ ስለሆነ ለማንም እንግዳ አልነበረም።

«ሬሳ ሲሆኑ ብቻ ሊመጡ ነው እንዴ?» አለች በሰዓት እየሠራች በራሷ ቤት የምታድር አንዲት ሴት። ሳቁ።

«አንቺ የበርሽ ቁልፍ በእጅሽ ነዋ» አለቻት እናቴ።

ስዌፍየህ ሰፈር አሠሪዋ ማዳም ቤት የምታድር አንዲት አባል ለእናቴ በስልክ የድምፅ መልእክት ልካላት ነበር። እናቴ ከፍታ አሰማችን። «ጁምዓ እንግዳ ስላለ ማዳም አትለቀኝም። አልተስማማችም ብላችሁ ቁጠሩልኝ።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ድምፅ በምስጢር እንደሚሰጥ ተምሬያለሁ፤ ይህንን ግን ሁሉም ሰማው።

«የሚመርጠው የተገኘ ብቻ ነው» አልኩ።

«የተማረ ይግደለኝ» አለች ሰብሳቢዋ ደስ ብሏት።

ወረቀቶቹን ሁለት ጊዜ ቆጠርኩ። አሥራ አንድ ለአሥር፤ ደንቡ ጸደቀ። ሦስቴ ቀርተው ስለነበር ወዲያው ከመዝገቡ የሰረዝኳቸው አምስት አባላት፣ የስዌፍየህዋን ጨምሮ፣ ሁሉም በየማዳሞቻቸው ቤት የሚያድሩ ሴቶች ነበሩ። የተወሰነው በእነሱ ላይ ነው፤ ሲወሰን ግን አንዳቸውም አልነበሩም።

ማታ ለስዌፍየህዋ ሴት ራሴ ደወልኩ።

«በስንት አለፈ?» አለችኝ።

«በአንድ፣ እትዬ።»

«የኔስ?»

«እኔ ነኝ ያልቆጠርኩት።»

«ክፋት የለሽም፣ ልጄ። ግን አንድ ነገር ብሆን እናቴ አገር ቤት ምኔን ትቀብራለች?»

በማግስቱ ሰብሳቢዋ ዘንድ ሄጄ መሳሳቴን ነገርኳት፤ ድምፁ እንደገና ይሰጥ ብዬም ለመንኳት። በትዕግሥት ሰማችኝ። ትናንት ያጸደቅነውን እኔና አንቺ ብቻችንን ብናፈርስማ ምኑን መረጥን፣ አለችኝ። ልክ ነበረች። ጉዳዩ ለሚቀጥለው ወር ስብሰባ ተይዞልኛል። እስከዚያ ድረስ ሴትዮዋ እድር የላትም።