ከጅቡቲ የመጣው ነጭ ሰሌዳ

ባለፈው እዚሁ ከተማችን፣ ታይዋን በሚባለው ገበያ፣ አንድ ሻጭ ቴሌቪዥን ከካርቶኑ ሲያወጣ ፎሙ ሲጢጥ አለ። እኔ ደግሞ ያን ድምፅ አልወድም። በደርግ ጊዜ፣ ልጅ ሳለሁ፣ አባባ ሰሌዳዬን የቆረጠበትን ቀን ያስታውሰኛል።

ጎረቤታችን አዴ ሐሊማ ከጅቡቲ በባቡር ዕቃ እያመጣች ትሸጥ ነበር። አንድ ቀን ከእኔ ቁመት የሚበልጥ፣ ጫፉ የሾለ ነጭ ሰሌዳ ይዛ መጣች። ፈረንጆች ባሕር ላይ ቆመው ማዕበል ይጋልቡበታል አለችን። እኔ የከተማችን ወንዝ ደቻቱ ሲሞላ በላዩ ስሳፈፍ ታየኝ። እማማን ለምኜ አስገዛኋት።

አባባ ከሥራ ሲገባ አየውና አዴ ሐሊማን አስጠራት። አዴ ሐሊማን አስጠራት።

«አንቺ ሐሊማ፣ ይህን የሚያህል ዕቃ በሸሚዝ ዋጋ? ውስጡ ምን ደብቀሻል?»

«አቦ፣ ወላሂ ምንም የለውም! አሮጌ ስለሆነ ለጀማሪ ይሆናል ብለው በርካሽ ለቀቁልኝ።»

«ከጅቡቲ ባዶ ዕቃ የሚያመጣ ሰው አለ እንዴ? የጉምሩክ ፊናንሶች ቤቴን ፈትሸው ኮንትሮባንድ ቢያገኙ የምታሰረው እኔ ነኝ!»

መጋዙን አወጣ። እያለቀስኩ እግሩ ላይ ተጠመጠምኩ፤ እሱ ግን ሲጢጥ እያደረገ መሃሉን ቆረጠው። ጨርቅ የለ፣ ሰዓት የለ፣ ነጭ ፎም ብቻ።

«አሁን ረካህ?» አለችው አዴ ሐሊማ።

አባባ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ «አልሐምዱሊላህ» አለ፤ ደጋገመው። ሰሌዳዬ ለሁለት ሲሆን ምን እንዳስመሰገነው አልገባኝም፤ ቂም ያዝኩበት።

ዛሬ እኔም አባት ሆኜ ሳስበው ይገባኛል፤ አባባ ያን ማታ ከእኛ ጋር ራቱን በላ። በዚያ ዘመን ከቤቱ ተወስዶ ራቱን ያልበላ ስንት አባት ነበር።