ሸክላ ተሸክሜ የተማርሁት መንዳት

የልጅ ልጄ ባለፈው ሳምንት ከባሕር ዳር ሞጣ ድረስ መኪናዋን እየነዳች መጥታ መንጃ ፈቃዷን አሳየችኝ። ፎቶው ላይ ፈገግ እንኳ አላለችም፤ ሹም መስላለች። "እማዬ፣ በአንድ ጊዜ አለፍሁ!" አለች። እልል አልሁላት። ቀጥዬ "ምን ምን ጠየቁሽ?" አልኋት። የመንገድ ምልክቱን፣ የመብራቱን ቀለም፣ ወደ ኋላ ነድቶ ማቆሙን ዘረዘረችልኝ። ደግ ነው። እኔን ቢቸና ላይ የፈተኑኝ ግን ሌላ ነገር ነበር።

ጊዜው የጃንሆይ ነው። አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ ከአራተኛ ክፍል በኋላ ትምህርቱን ትቼ እቤት ውያለሁ። ጎረቤታችን የክሊኒኩ ድሬሰር፣ ቁስል አጣቢና አሳሪ ነበር፤ የሐረር ሰው፣ ሳቂታ፣ ብስክሌቱን ከልጁ እኩል የሚያጥብ። በጥቅምት ወር እግሩን ወለም አለውና "መንዳት ከቻልሽ የክሊኒኩን መልእክት የምታደርሺው አንቺ ነሽ" አለኝ። አባቴ "ሴት ልጅ ብረት ላይ ወጥታ!" ብሎ ጀመረ። ነገር ግን የእግሩን ቁስል ያዳነለት ይኸው ሰው ስለነበር የቀረውን ዋጠው።

ከቤታችን ጀርባ ካለው መስክ ላይ አራት ቀን ስወድቅ ሰነበትሁ። በአምስተኛው ቀን ብስክሌቱ ተሸነፈልኝ። ክረምቱ አልፎ፣ ከብት የረገጠው ጭቃ እንደ ድንጋይ ደርቆ ነበርና ስነዳ ጥርሴ ይንገጫገጭ ነበር። ያም ሆኖ የባቄላ እሸት እያኘክሁ እነዳለሁ። ወጣት ሲሆኑ ሁለት ነገር ባንድ ጊዜ መሥራት ብልህነት ይመስላል።

በገበያ ቀን፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ወደ ገበያው በሚወርደው ቁልቁለት ለቀቅሁት። ደጀ ሰላሙ ጋ ስደርስ ሳይሳለሙ ማለፍ ነውር ነውና ቀኝ እጄን ከፍሬኑ አንሥቼ አማተብሁ፤ ጎንበስም አልሁ። ቀና ስል ፊት ለፊቴ ሸክላ ነበር። እማማ ዘውዴ የሚባሉ አሮጊት ድስትና ጀበና በጀርባቸው ተሸክመው ይወርዳሉ። ከነሸክማቸው ደፋኋቸው።

አፈር ላይ እንደተቀመጡ "በሕግ አምላክ!" አሉኝ። በዚያ ዘመን ይህ ቃል ከተጠራ ባላገርም ይሁን ባላባት ካለበት ንቅንቅ አይልም። ጉልበታቸው ተልጦ እየደማ የነጠላቸውን ጫፍ ከነጠላዬ ጋር ቋጠሩት። የተቋጠረ ሰው ዳኛ ፊት ሳይቆም አይፈታም። ዳኛውም ከመንገደኛው መካከል የተከበረ ሰው ይሆናል። የቅኔ መምህሩ የኔታ ለተማሪዎቻቸው ቀለም ፍለጋ ሲያልፉ ለዳኝነት ተያዙ።

"ምን ትያለሽ?" አሉኝ።

"ስሳለም ነው፣ የኔታ።"

ሰዉ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። "በበቅሎ የሚሄድ ሰው ቤተ ክርስቲያን ደጅ ሲደርስ ምን ያደርጋል?"

"ይወርዳል።"

"ገበያ መካከልስ?"

"ይወርዳል።"

"አንቺ ታዲያ ፈጣሪን በሩጫ ላይ ሰላም ብለሽው ልታልፊ ኖሯል?"

"ብስክሌቱ ነው እምቢ ያለኝ" አልሁ።

"በቅሎ ብትሆን ደነበረች እንል ነበር። ብረት አይደነብርም፤ የደነበርሽው አንቺ ነሽ።"

ፈረዱ። ሦስት ገበያ የእማማ ዘውዴን ሸክላ በጀርባዬ ተሸክሜ በዚያው ቁልቁለት እንድወርድ፤ እስከዚያ ብስክሌቱ የኔታ ግቢ እንዲቆይ፤ ወደፊትም ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ እስከ ገበያው መጨረሻ በእግር እንድሄድ።

"ፍርዱ በእኔ ላይ ብቻ ነው ወይስ ለሚያልፈው ሁሉ?" ብዬ ጠየቅሁ።

"ለሚያልፈው ሁሉ ነው" አሉ። ያቺን ቃል ያዝኋት።

ሸክላ ስሸከም ያወቅሁት ነገር ይኸ ነው፤ ሸክም ያለበት አንገት አይዞርም። ከኋላ የበቅሎ ኮቴ ይሰማል፤ በየት በኩል እንደሚመጣ ግን አይታወቅም። ጋላቢው "ዞር በሉ!" ይላል። ወዴት? እኔ ማየት የምችለው የራሴን እግር ብቻ ነው። የሚያየው እሱ ነው። የሚያይ ሰው ነው ለማያየው የሚጠነቀቅ እንጂ፣ የማያየው እንዴት አድርጎ ይጠንቀቅ? በሁለቱ ገበያ አንዲት ጀበና ሳልሰብር አደረስሁ።

በሦስተኛው ገበያ፣ ደጀ ሰላሙን ገና እንዳለፍን፣ ከኋላችን ግልቢያ መጣ። በቅሎዋ ክንዴን ታክካ አለፈች፤ እማማ ዘውዴ አጥር ላይ ተለጠፉ። ጋላቢው ያገሩ ግራዝማች ነበሩ። አፌ ቀደመኝ፤ "በሕግ አምላክ!"

ገበያው ሁሉ ወደኛ ዞረ። ግራዝማቹ ልጓም ሳቡ፤ አሽከራቸው ዱላውን አነሣ።

"ተይ ልጄ፣ ታስፈጂናለሽ" አሉኝ እማማ ዘውዴ በሹክሹክታ። ድሬሰሩ ከሩቅ ሁለት እጁን ያወናጭፋል። ግራዝማቹ አንዲት ቃል ለአባቴ ቢልኩ ብስክሌት ሁለተኛ እንደማልነካ አውቃለሁ።

"እኔን ነው ያቆምሽው?" አሉ።

"አዎ ጌታዬ። የኔታ በዚህ መንገድ የሚያልፍ ሁሉ በእግሩ ይሂድ ብለው ፈርደዋል።"

"የፈረዱት ባንቺ ላይ ነው።"

"ለሁሉ ነው ብለዋል። ለእኔ ብቻ ከሆነ እነሆ ሸክላው፤ እኔም ብስክሌቴን ልውሰድ።"

የኔታ ተጠርተው መጡ። "እውነት ለሁሉ ብለዋል?" አሏቸው ግራዝማቹ።

"ብያለሁ" አሉ የኔታ።

ግራዝማቹ አዲሱን ጫማቸውን አዩ፤ ከበቅሎዋ ሆድ ሥር ያለውን የከብት እበት አዩ። ከዚያ ወረዱ። "እስከ ዛሬ እኔን ያወረደችኝ ይህች በቅሎ ብቻ ነበረች፤ እሷም ጥላኝ ነው!" አሉና ራሳቸው ቀድመው ሳቁ። ገበያው ከእሳቸው በኋላ ለመሳቅ ድፍረት አገኘ። በቅሎዋን እየሳቡ እስከ ገበያው መጨረሻ በእግራቸው ሄዱ።

ከዚያ ወዲህ ሁሉም ወረደ ብል ዋሸሁ። ጥቂት ሰዎች ግን ወረዱ። ብስክሌቱንም ያን ዕለት አገኘሁ፤ እስካገባና ወደ ሞጣ እስክመጣ ድረስ የክሊኒኩን መልእክት አደረስሁበት።

ይህን ለልጅ ልጄ ሳወራላት ሳቀች። "በቃ፣ ገባኝ" አለችኝ። አልገባትም። በማግሥቱ ግማሽ ኩንታል ጤፍ አሸክሜ በሞጣ አስፋልት ዳር ወደ ወፍጮ ላክኋት። ፊቷ ቲማቲም መስሎ ተመለሰች።

"እማዬ! ባጃጅ ሊገጨኝ ነበር እኮ!"

"ነጂው ማን ነበር?"

"እንዴት ብዬ ልየው? ዱቄቱ አንገቴ ላይ!"

"እሱስ አንቺን ማየት አይችልም ነበር?"

ዱቄቱን አወረደችና አንገቷን እያሸች ወደ መንገዱ ዞራ አየች። ያን ዞሮ ማየቷን ከመንጃ ፈቃዷ ይልቅ አመንሁት፤ ከሰዓት በኋላም መኪናዋ ውስጥ ከጎኗ ተቀመጥሁ።