በቅቤ የታሸችው ካዲላክ

ትናንት ከሰዓት በኋላ ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ድንገት ብቅ ስትል፣ ነቀምቴ ቡርቃ ጃቶ ሰፈር ካለው ግቢዬ ጥግ በሸራ ተሸፍና የቆመችውን የአባቴን ካዲላክ የኋላ በር ስከፍት የከረመ ቅቤ ሽታ ተቀበለኝ። ወለሏን አስነስቼ አሳጥቤያለሁ፣ የመቀመጫውን ስፖንጅ አስቀይሬያለሁ፣ ቆዳውን በሳሙና፣ በሎሚ፣ አንዴም ተሳስቼ በበረኪና አሽቻለሁ፤ ሽታው ግን ስፌቱ ውስጥ ገብቶ ተደላድሏል፣ ፀሐይ በነካችው ቁጥር ብቅ ይላል።

ሌላ ሰው ቢሆን ገብቶ ቁጭ ይልና በትዝታ ይነጉድ ነበር። እኔ መቀመጥ አይሆንልኝም፤ ተማሪዎቼ እንኳ «ቲቸር ሌንሴ ስታስተምር ወለሉ ያልቃል» እያሉ ያሙኛል። በሩን ዘጋሁ፣ ኮፈኑን ከፈትኩ፣ የራዲያተሩን ክዳን ፈትቼ መልሼ አጠበቅኩ፣ የፊቷን ኒኬል በቀሚሴ ጫፍ ወለወልኩ፣ ዞሬ መጥቼ ያንኑ በር እንደገና ከፈትኩ። በረንዳው ላይ ጎመን የምትቀነጥሰው እናቴ ስሽከረከር ስታየኝ ቆየችና «ዛሬም አላለቀችም?» አለችኝ። እናቴ ጊምቢ መሄድ ትፈልጋለች። ጉልበቷ ጨርሶ ሳይከዳት የአባቷን ቤትና መቃብር አንዴ ማየት ነው ምኞቷ፤ እኔ ደግሞ በዚህችው መኪና በክብር አደርስሻለሁ ብዬ ቃል ገብቼላታለሁ፤ መኪናዋ ግን ዛሬ ፍሬኗ፣ ነገ ማርሿ፣ ከነገ ወዲያ ከባሕር ማዶ የሚጠበቅ አንዲት ጎሚኒ እየሆነባት ስንት ክረምት አለፈ። «የውሃ ፓምፑ ይምጣና» አልኳት። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ የሰማሁት የራሴን ድምፅ አልነበረም፤ የአባቴን ነበር።

አባቴ ማሞ ነቀምቴ ውስጥ የታወቀ የከባድ መኪና መካኒክ ነበር፤ ወላጆቹ ከመንዝ መጥተው እዚህ የከተሙ ኦርቶዶክሶች ናቸው። እናቴ አስቴር ደግሞ የጊምቢ ልጅ፣ የአንድ ጥብቅ የፕሮቴስታንት ሽማግሌ የመጨረሻ ልጅ ናት። አባቴ በቡና ወቅት የጭነት መኪና ሊጠግን ጊምቢ ሲመላለስ ተያዩ፣ ተዋደዱ፤ ሽማግሌ ቢላክ አያቴ ኦቦ ገመቹ «ለማላውቀው ቤት ልጄን አልሰጥም» አሉ። እናቴም አንድ ማለዳ አባቴ የጠገነው መኪና ላይ ወጥታ፣ የቡና ጆንያ ክምር ላይ ተቀምጣ፣ አቧራውን ለመከላከል ሻሿን አፏ ላይ አስራ ነቀምቴ ገባች። እኔ ተወልጄ ድክ ድክ ማለት ስጀምር የአያቴ ልብ ራራ። ሽማግሌዎቹ ይዘውት የተመለሱት ቃል ቤታችን ውስጥ ሲደጋገም ነው ያደግኩት፤ «ልጄ ከቤቴ የወጣችው ጆንያ ላይ ተቀምጣ ነው። ይቅር ብያለሁ። ስትመለስ ግን እንደ ሰው ወንበር ላይ ተቀምጣ ትምጣ።»

እናቴ ይህን በሰማች ዕለት ሻንጣዋን አሰረች። አባቴ ግን ኩራቱ ለራሱም የሚከብደው ሰው ነበርና በዚያ ቃል ውስጥ ስድብ ሰማ፤ ልጄን እንደ ዕቃ ጭነህ ወሰድክ የተባለ መሰለው። ሠርግ ያላየችውን ሴት መልስ ሲወስዳት አገር ቆሞ በሚያየው ወንበር ላይ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ብሎ ማለ። ብዙም ሳይቆይ፣ ከአብዮቱ በፊት የአንድ ባላባት የነበረች፣ በኋላም በአንድ መሥሪያ ቤት ግቢ ውስጥ ዶሮ ሲፈለፈልባት የኖረች ካዲላክ ለጨረታ ወጣችና አባቴ ያለ የሌለ ጥሪቱን አሟጦ ወሰዳት። በጭነት መኪና እያስጎተተ ሲያመጣት የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ከኋላዋ ነበር። ከአጥራችን በር እስከ ማዕድ ቤቱ የምትደርስ ረጅም፣ ቀለሟ ውሃ ሰማያዊ፣ ከኋላዋ ሁለት ክንፍ ያቆመች፣ በዝገቷ ውስጥ እንኳ የምትንቀባረር ነገር ነበረች። እናቴ ዞራ ዞራ አየቻትና «ለመሆኑ ትሄዳለች?» ብላ ጠየቀች። አባቴም «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» አላት።

ከዚያ ወዲያ ልጅነቴን ሳስበው ቤታችን ውስጥ አንድ ነገር ተፈቶ ያልተበተነበት ቀን አይታየኝም። መስኮቱ ላይ ብሎን፣ የእጅ መታጠቢያው ውስጥ በናፍጣ የተነከረ የማርሽ ጥርስ፣ በመጽሐፌ ገጾች መካከል እንዳይጣመም ተብሎ የተቀመጠ ጓርኒሲዮን የሚሉት ስስ የሞተር ማሸጊያ። አባቴ ቀን የሰው መኪና ሠርቶ ይመጣና ጀምበር እስክትጠልቅ እሷ ሥር ይተኛል፤ የማገኘው እግሩን ብቻ ስለነበር የትምህርት ቤት ውጤቴን ለጫማው ነበር የምነግረው። ሌሎች መካኒኮች ከአይሱዙ የተፈታ ዕቃ አስማምተው ቢሰጡት «በተውሶ ጥርስ አማች ፊት አይሳቅም» ይልና አዲስ አበባ ለሚወርድ ሾፌር ሁሉ መልእክት ይልካል፤ የመጣው ዕቃ አይገጥምም፤ ይሞርደዋል፤ ሲገጥም ደግሞ አጠገቡ ያለው ያረጀ መስሎ ይታየውና ያንን ይፈታል። እንደዚያ እየፈታ እየገጠመ እኔ ከድክ ድክ አልፌ ማንበብ ቻልኩ።

የመቀመጫውን ነገር ግን ለማንም መላክ አላስፈለገውም። ቆዳው ደርቆ ተሰነጣጥቆ ነበር። አባቴ ጎረቤቶቻችን የበቅሎ ኮርቻና ጠፍር በምን እንደሚያለሰልሱ ያውቃል፤ «ቆዳ ቆዳ ነው፣ የአሜሪካም ይሁን የሆሮ በሬ» አለና ከገበያ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ የወለጋ ቅቤ ገዝቶ መጣ። በእጁ መዳፍ፣ ቀስ አድርጎ፣ የሕፃን ገላ የሚያሽ ይመስል አሸው፤ በየሳምንቱም ደገመው፤ ቆዳውም እውነት ለመናገር ለሰለሰ፣ ወዛ፣ ጣት ሲጭኑት ተመልሶ የሚነሣ ሆነ። ከዚያማ የሰፈሩ ድመት ሁሉ ጠቅልሎ ገባ፣ ጉንዳን በጎማው ላይ መንገድ አበጀ፣ ውሾች በሩን እየላሱ የአባቴን አዲስ ቀለም አጠፉበት። ሰዎች በአጥር እያዩ «ማሞ፣ መኪናህ ሹሩባ ልትሠራ ነው እንዴ?» ይሉት ነበር። አባቴ ሲቆጣ እናቴ ጓዳ ገብታ አፏን በነጠላዋ ይዛ ትስቃለች። ያን ሳቋን ብዙ ጊዜ አልሰማሁትም።

መኪናዋ መንቀሳቀስ ከጀመረች በኋላ ደግሞ የእሑድ ነገር መጣ። እሱ ከቅዳሴ፣ እኛ ከቸርች ተመልሰን ምሳ ከተበላ በኋላ እናቴ ለጊምቢ ያዘጋጀችውን ነጭ ቀሚሷን ትለብሳለች፣ ሻንጣዋን ከአልጋ ሥር ታወጣለች፣ ኋላ ከእኔ ጋር ትቀመጣለች። ዲጋ የምትባለው ከተማ እስክንደርስ መኪናዋ ያለ አንዳች እንከን ትሄዳለች፤ የመንገዱ ሰው ቆሞ ያየናል፣ አባቴ አንድ እጁን መስኮት ላይ አድርጎ በክላክሱ ሰላምታ ይመልሳል። ዲጋን ሲያልፍ ግን አንገቱን አዘንብሎ መስማት ይጀምራል። አንድ ድምፅ ይሰማዋል፤ ለእኛ የማይሰማ፣ ለእሱ ግን ከቅዳሴ ደወል የበለጠ። «እዚህ ላይ እንዲህ ካለች የዴዴሳ ቁልቁለት ላይ ምን ልትል ነው?» ይልና ያዞራታል። ሻንጣው ከእኛ ጋር ሄዶ ከእኛ ጋር ይመለሳል። አንድ እሑድ ስንመለስ አባቴ ያንኑ ተረቱን ሲጀምር እናቴ «እንቁላሉስ ሄደ ማሞ፣ እኛ ነን የቀረነው» አለችው። እኔ ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም፣ ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች።

አንድ ሾፌር ከጊምቢ መጥቶ «አባትሽ ደክመዋል» ያላት ሰሞን ነው ነገሩ የተቆረጠው። በማግሥቱ የሥራ ቀን ነበር፤ እናቴ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ ማለዳ መኪናዋ ውስጥ ገብታ ተቀመጠች። «ማሞ፣ ዛሬ ዲጋ ላይ ካዞርካት እኔ እዚያው እወርዳለሁ፤ ከዚያ ወዲያ በእግሬም ቢሆን እሄዳለሁ» አለች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። አባቴ ዲጋን ሲያልፍ መሪውን በሁለት እጁ አንቆ፣ ጆሮውን ላለመስማት እየታገለ፣ ላቡ በአንገቱ ሲወርድ አየሁት። ወደ ዴዴሳ ሸለቆ ስንወርድ ሙቀቱ ሥራውን ጀመረ፤ የስንት ዓመት ቅቤ በስንጥቁ ሁሉ ቀለጠ፣ ጀርባችንን አራሰው፣ ወንዙ ላይ ስንደርስ የእናቴ ነጭ ቀሚስ ከትከሻዋ እስከ ወገቧ ቢጫ ሆኖ ነበር። ዳገቱ ላይ ደግሞ ራዲያተሩ ፈላ። አባቴ ጀሪካን ይዞ ውሃ ፍለጋ ሲሮጥ፣ እናቴ መንገድ ዳር ቆማ ጀርባዋን በእጇ ዳብሳ ጣቶቿን አየችና አለቀሰች። የዘመናት ናፍቆቷን እንዲህ ሆና አባቷ ፊት ልትወስደው ነው። እኔም ግራ ገብቶኝ ጀርባዋን በቅጠል ጠረግኩ፤ አባስኩት።

ጊምቢ ስንደርስ የአያቴ መንደር ሕፃናት መኪናዋን ከበው ጮሁ፤ አባቴ ከወረደ በኋላ ኒኬሏን በመሐረቡ አንድ ጊዜ ወለወለና ኮቱን አስተካክሎ አማቹ እስኪወጡ ቆመ። አያቴ በትራቸውን እያስቀደሙ፣ ግድግዳውን በእጃቸው እየተከተሉ ወጡ። ዓይናቸው ጠፍቶ ነበር፤ ማንም አልነገረንም። «ኢንተለ ኮ» አሉ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፤ እናቴን አቅፈው ጀርባዋን ሲዳብሱ እጃቸው ቆመ። ጣታቸውን አሸተቱ። ፊታቸው ቀስ እያለ በራ። ወለጋ ውስጥ ሽማግሌ የሚመርቀውን ሰው ግንባር ቅቤ ይቀባል፤ አያቴም «ተቀብታ መጣችልኝ!» ብለው ከቀሚሷ ላይ ያንኑ ቅቤ በአውራ ጣታቸው ጠርገው ግንባሯን ቀቡት፣ ቀጥሎ የእኔን፣ ቀጥሎም እጃቸውን ዘርግተው ፈልገው የአባቴን። አባቴ ያን ጊዜ ቁመቱ ያጠረ መሰለኝ።

ቤት ገብተን ስንቀመጥ አያቴ ፈገግታቸው ከፊታቸው ሳይጠፋ «አውቶቡሱ ዛሬ ምነው አረፈደ?» ብለው ጠየቁ። በአውቶቡስ የመጣን መስሏቸው ነበር። እሳቸው በኦሮምኛ ቀጠሉ። ከነቀምቴ የሚመጣው አውቶቡስ በየቀኑ በደጃቸው ያልፋል፤ ቆሞ ሰው ባወረደ ቁጥር ይወጡ ነበር፣ ዓይናቸው ሳይጠፋ ወጥተው ያያሉ፣ ከጠፋም በኋላ ወጥተው ያዳምጣሉ። «ወንበር ላይ ተቀምጣ ትምጣ ብዬ ነበር እኮ፤ ወንበሩ በየቀኑ ባዶውን ያልፋል እያልኩ አዝን ነበር» አሉ። እናቴ አባቴን አየችው። በሕይወቴ ሰው ሰውን እንደዚያ ሲያይ አላየሁም፤ ቁጣ የለበትም፣ ግን ከቁጣ ይብስ ነበር። ደጅ ልጆቹ የካዲላኳን ክላክስ እየነኩ ይስቃሉ። አባቴ ያን ሁሉ ዘመን የሞረደውን፣ የቀባውን፣ የወለወለውን አንድ ቃል ሊናገርለት ይችል ነበር። ጎንበስ አለና «መንገድ ላይ ተበላሽቶብን ነው፣ አባባ። ይቅር ይበሉን» አለ።

አያቴ የዚያ ዓመት ቡና ሳይቀላ አረፉ። አባቴ ከዚያ በኋላ መኪናዋን አልሸጣትም፣ አልፈታትምም፤ አጥቦ ሸራ ያለብሳታል፣ ያ ነው። እሱም ካለፈ ዓመታት ሆኑ። እናቴ አንድ ቀን ወቅሳው አታውቅም፤ አውቶቡስ ሲቆም ስትሰማ ግን የያዘችውን ሥራ አቋርጣ ትቆማለች፣ ያን ልማድ እኔም ከእሷ ወረስኩት። አባቴ ይወዳት ነበር፤ ይህን ማንም አይወስድበትም። ግን አንድ አባትና አንዲት ልጅ አብረው ሊበሉት ይችሉ የነበረው ምሳ፣ ሊጨቃጨቁበት የሚችሉት ነገር፣ አያቴ በዓይናቸው ሊያዩት ይችሉ የነበረው ልጅነቴ፣ ያ ሁሉ በዲጋና በነቀምቴ መካከል በየእሑዱ ሲመላለስ አለቀ። ይህን ከማንም በላይ የማውቀው እኔ፣ አጥብቄ የያዝኩት ግን የአባቴን መፍቻ ነው።

ትናንት ያንን ሽታ እያሸተትኩ ይህ ሁሉ መጣብኝና ኮፈኑን ዘጋሁት። ሸራውን አለበስኳትና እጄን ታጥቤ ወደ በረንዳው ሄድኩ። «እማ፣ ነገ ጠዋት በአውቶቡስ እንሂድ» አልኳት። እናቴ ጎመኑን አስቀመጠች፣ ጉልበቷን ይዛ ተነሣችና ወደ መኝታ ቤት ገባች። ልብስ ላስተካክልላት ተከትያት ስገባ ሻንጣዋን ከአልጋው ሥር እየጎተተች ነበር፤ ሞልቶ፣ በገመድ ታስሮ የተዘጋጀ ነው። ከመቼ ጀምሮ እንዳሰረችው ልጠይቃት አፌን ከፈትኩና፣ ክዳኑ ላይ የተኛውን አቧራ ሳይ ጥያቄውን ትቼ በቀሚሴ ጫፍ ጠረግኩት።