የሲስተር ሉዝ ካሴት በኸሽም ኤል ቂርባ መንገድ

ንጋት 11 ሰዓት፣ ገዳሪፍ

ስንነሳ ሰማዩ ገና አልቀላም። ማሽላ የጫኑ ሎሪዎች ገበያው ዳር ተደርድረዋል። መኪናቸውን የሚነዱልን ዐም ኢድሪስ፣ አጎት ኢድሪስ እንደማለት ነው፣ ዝምተኛ ሱዳናዊ ሽማግሌ ናቸው። ከኋላ በስደተኞች ካምፕ የምትሠራው ፊሊፒናዊት ነርስ ሲስተር ሉዝ ቦርሳዋን አቅፋ ተቀምጣለች። እኔ አስተርጓሚዋ ነኝ፤ ደርግን ሸሽቼ በመተማ በኩል ከወጣሁ ሦስት ዓመቴ ነው። ኪሴ ውስጥ ተስሪህ፣ የመንቀሳቀሻ ፈቃዴ፣ አለ። አንድ ጥፋት ከተገኘብኝ እሱም ይቀደዳል፣ እኔም ወደ ድንበሩ እመለሳለሁ።

ከተማውን እንደለቀቅን ሲስተር ሉዝ ጠጋ ብላ በእንግሊዝኛ፣ «ሳልነግርህ መሄድ አልፈልግም። ቦርሳዬ ውስጥ የቪዲዮ ካሴት አለ። ቦምባ ነው» አለችኝ።

ዐም ኢድሪስ ከንግግሯ የያዙት ያቺን አንዲት ቃል ነው፤ ፈንጂ መሰላቸው። ፍሬን ረገጡ።

«ቦምባ? መኪናዬ ውስጥ?»

እሷም አስረዳችን። ልጅ ሳለች የማኒላ ሲኒማ ቤቶች ገላ በሚያሳዩ ፊልሞች ተጥለቅልቀው ነበር፤ ሕዝቡ ቦምባ ይላቸዋል። የጦር ሕግ ሲታወጅ ታገዱ። ፊልም ሠሪዎቹ ግን ዘዴ አላጡም፤ ተዋናዮቹን ስስ ነጭ ልብስ እያለበሱ ውኃ ውስጥ መንከር ጀመሩ። ኋላ ሕዝቡ በአገሩ መንግሥት ላይ ሲያጉረመርም እገዳው ላላ፤ ከቀድሞው የባሰም መጣ።

«ታላቅ እህቴ ቴሲ ከተነከሩት አንዷ ናት» አለች። «በዚያ ገንዘብ ከፍላ ነርስነት ያስተማረችኝ እሷ ናት። እናታችን ከቤት አባረረቻት፣ ፎቶዎቿንም አቃጠለች። ቴሲ አምና ሞተች። የቀረኝ ይኼ ካሴት ነው፤ አንድም ቀን አላየሁትም።»

ኸሽም ኤል ቂርባ፣ ግድቡ ላይ የሚሠራ ያገሯ ሰው ማጫወቻ አለው። የምንሄደው ለዚያ ነው።

ጠዋት 2 ሰዓት፣ ሾዋክ

ፉል በዳቦ ቀረበልን፤ የእኔን ለዐም ኢድሪስ ገፋሁላቸው። የሸሪዓው ሕግ ከታወጀ ወዲህ በእንዲህ ያለ ነገር ሰው እንደሚገረፍ ሰምቻለሁ። ኬላው ላይ አንድ ወጣት ወታደር ቦርሳውን ከፍቶ ካሴቱን አወጣ።

«ይኼስ?»

«የሕክምና ትምህርት ነው፣ ልጄ» አሉ ዐም ኢድሪስ ፈጠን ብለው።

«እንግዲያው ቢሮ ወስደን እናየዋለን።»

ሲስተር ሉዝን አየኋት።

«እህቴ ናት በለው» አለችኝ።

«አምና የሞተች እህቷ ናት ያለችበት» አልኩት። «ከሞተች ወዲህ መልኳን እንኳ አላየችም።»

«ሽማግሌው ታዲያ ስለ ምን ሕክምና ነው የሚያወሩት?»

«ፈርተው ነው። እኔም ፈርቻለሁ።»

ወታደሩ ካሴቱን አገላበጠው። ቀና ብሎ አያት። ከዚያ በሁለት እጁ አድርጎ ሰጣት።

«አላህ ይርሐማ፣ ነፍሷን ይማር። ሂዱ።»

የአትባራ ወንዝ እስኪታየን ድረስ ወደ ኋላ እየዞርኩ ኬላውን አይ ነበር።

ቀትር፣ ኸሽም ኤል ቂርባ

ያገሯ ሰው መስኮቱን ዘግቶ ካሴቱን አስገባ። ምስሉ ከመምጣቱ በፊት ሲስተር ሉዝ፣ «እባካችሁ ዙሩልኝ» አለች። ሦስታችንም ፊታችንን ወደ ግድግዳው አዞርን።

መጀመሪያ የውኃ መንቦጫረቅ ተሰማ። ቀጥሎ የሴት ሳቅ። ቆይቶ ሲስተር ሉዝም ሳቀች፤ የትኛዋ የትኛዋ እንደሆነች መለየት አቃተኝ። ከዚያ ቀስ ብላ በቋንቋቸው ለስክሪኑ አንድ ነገር ተናገረች።

ዐም ኢድሪስ በክርናቸው ጎሸም አደረጉኝ። «ምን አለቻት?»

እኔ ምኑን አውቄ! ፊቱን ከግድግዳው ሳይመልስ ያገሯ ሰው መለሰልን።

«ልብስሽን ቀይሪ፣ ይበርድሻል፤ ነው ያለቻት።»