የዱር ድመቶቹና የእኔ ስሌት

ጣሊያን ሸዋ ሮቢት በሰፈረበት ዘመን ሂሳብ ያስተማረኝ ሰው የለም፤ ራሴው ነኝ የተማርኩት። ማማ ላይ ሆኜ ማሽላዬን ከወፍ ስጠብቅ፣ ነጭና ጥቁር ጠጠር እየደረደርኩ የአይጥንና የዱር ድመትን ነገር አወጣሁት። አይጥ ሲበዛ ድመቱ እየጠገበ ይዋለዳል። ድመት ሲበዛ አይጡ ያልቅና የተራበው ድመት ዶሮ ፍለጋ መንደር ይገባል፤ ቀጥሎ በራሱ ጊዜ ይመናመናል። ድመት ዶሮ ወሰደ ብሎ መግደል እንግዲህ ለአይጥ መንገድ መጥረግ ነው። በአገራችን በቀወት ምድር ይህን ያወቅኩ እኔ ብቻ ነበርኩ።

ግን ማን ይስማኝ? ከጣሊያን ወታደር የተረፉትን ዶሮዎች ድመት ሲፈጃቸው ሰዉ ሁሉ በደቦ ለአደን ወጣ። ማሳችን የሚዋሰነውን ሽማግሌ፣ «ጋሼ፣ ዘንድሮን ብቻ ይታገሱ፤ አይጡን የሚይዝልን እኮ እሱ ነው» ብዬ ለመንኳቸው።

«ወላሂ፣ ጠጠርህ እንቁላል ከጣለ እታገሣለሁ!» አሉኝ። ደቦው በሳቅ አውካካ፤ ሄዶም ድመቱን ፈጀው።

እኔ በማሳዬ ዳር ያሉትን ድመቶች አላስነካሁም። የቤተሰቤ የዓመት ቀለብ ያ ማሽላ ብቻ ነበር።

በቀጣዩ መኸር አይጥ አገሩን ሞላው። የእነሱን ማሽላ ጨርሶ የማሳዬን ድንበር ተሻገረ፤ የእኔ ጥቂት ድመቶች የቱን በልተው የቱን ይተዉ? ሽማግሌው ፍሬ አልባ አገዳዬን አይተው፣ «አንተ ልጅ፣ ስሌትህ ልክ ነበር ማለት ነው?» አሉኝ።

«ልክ ነበር!»

«ታዲያ ለምን ከእኛ እኩል ጦምህን ታድራለህ?»

እስከ ዛሬ የሚያበግነኝ ይሄ ነው፦ ልክ ሆኜ፣ ከማይሰማ ሰው እኩል ተራብኩ።